የጭስ ፊኛው ገመድ

ባለፈው የሁዳዴ ጾም መያዣ ላይ አንድ ኪሎ የማይሞላ የተቆላ ተልባ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ እጄ ገባ። ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ወርቅነሽ ናት፤ የሟቹ ጓደኛዬ የጌታሁን እህት። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ስጦታ ሲያገኝ እንደ ልጅ ይቸኩላል። ያደረሰችልኝ ልጅ ገና ከደጄ ሳትርቅ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ሽታው ሲወጣ ወጥ ቤት ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተልባ ለሌላው አበሻ የጾም ምግብ ነው። ለእኔ ግን ከዚህ ከተማ በስተምሥራቅ የነበረ የአንድ የእንጨት መጋዘን ሽታ ነው፤ የዘይት፣ የአዲስ ጨርቅና የገመድ ሽታ። ያንን ሽታ ተከትሎ የሚመጣውን ነገር አርባ ዓመት ገደማ ስሸሸው ኖሬአለሁ።

ተልባውን ያደረሰችልኝ የወርቅነሽ ልጅ ሜሮን ናት፤ ሪጀንት ፓርክ ነው የምትኖረው።

«ማሚ ራሷ ልትመጣ ነበር፤ ድራይቭ ላድርግሽ ስላት እምቢ አለች» አለችኝ ደጄ ላይ ቆማ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ ካር ውስጥ አትገባም። ከኤርፖርት ራሱ በትሬን ነው ያመጣኋት፤ ያንን ሁሉ ሻንጣ ይዘን። ሲሪየስሊ።»

«ምነው?»

«አይ ዶንት ኖው። የእነ አያቴ ነገር ነው። ቅዳሜ ግን አንክል ጌታሁን የሞተበትን ቦታ ሲ ማድረግ ትፈልጋለች። መኪናው የገጨውን ቦታ። ይወስዷታል አይደል?»

እወስዳታለሁ አልኩ። ምን ልበል? መኪና የማትገባበትን ምክንያት ደግሜ አልጠየቅኩም፤ ማወቅ አልፈለግኩም። ጌታሁንን መኪና አልገጨውም። መኪና ገጨው ብዬ ለቤተሰቡ በእጄ የጻፍኩት እኔ መኮንን ነኝ፤ ሚስቴ እንኳ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፣ እውነቱን ሳትሰማ ነው የሄደችው። ከዚያ ሰኞ እስከ ቅዳሜ ድረስ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልንገራት ወይስ ይዤው ልቀበር?

ያኔ የምንኖረው ሴንት ጄምስ ታውን ነበር፤ አራት ወንድ በአንድ መኝታ ቤት። እኔ ሠላሳዎቹን ገና እንደ ጀመርኩ፣ ጌታሁን ሃያ ሁለት፣ ሌሎቹ ሁለት ጓደኞቻችን መካከል ላይ። ቡና ከነዶናቱ ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ሰብዌይ የሚገባው በቶክን ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የባቡር መሳፈሪያ ሳንቲም። ጌታሁን ቶክኖቹን እንደ አገር ቤት ሴት በመሐረቡ ጫፍ ቋጥሮ ነበር የሚይዛቸው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቋጠሮውን እስኪፈታ ከኋላው ያለው ፈረንጅ ሁሉ ያጉረመርማል። ካፖርታችንን የገዛነው ከልባሽ ጨርቅ ሱቅ ነው፤ የእኔ ቡናማ፣ ስድስት ዶላር፣ ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው የጥርስ መፋቂያ የተገኘበት። የጌታሁን ትከሻው ሰፊ ስለነበር ከጀርባ ሲያዩት ሁለት ሰው ይመስላል። አንድ ካሴት ነበረን፤ ከቤት ቤት ሲዞር ክሩ ከመለጠጡ የተነሳ ዘፋኟን እንደ ወንድ ያስጮኻት ነበር። ጌታሁን ግን በዚያው በወፈረው ድምፅ ለምዶት አብሮ ያዜማል። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ሕንፃዎቹ ያው ናቸው፤ በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ብቻ የሌላ አገር ሰው ልብስ ሆኗል።

ከጌታሁን ጋር የተዋወቅነው ሱዳን ስንሻገር ነው። ድንበሩን ካለፍን በኋላ በጠራራ ፀሐይ የአሸዋ ማዕበል ያዘን። ሰማይና ምድሩ አንድ ቀይ ነገር ሆነ፤ የዘረጉት እጅ አይታይም። «ቀበቶዬን ያዝ፤ አትልቀቅ» አልኩት። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቀበቶዬ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። ማዕበሉ ሲያልፍ አብረውን ከነበሩት ሦስቱ የሉም፤ እሱ አለ። ጣቶቹ ደርቀው አልፈታ ብለውት እኔ ነኝ አንድ በአንድ የፈታሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ካልኩት አይወጣም። ካርቱም ሳለን ከደብረ ብርሃን የእህቱ ደብዳቤ ደርሶት ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «ጋሼ መኮንን ያለህን ስማ፤ ከቃሉ አትውጣ» ይላል። «ተፈረደብኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ሰው ሲሰማኝ ደስ ይለኛል፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ።

ቶሮንቶ ሥራ ያገኘነው ስፓዳይና መንገድ ላይ ድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በአቧራ የደነዘዘ፣ ሙቀቱ ወገብ የሚቆርጥ። ጌታሁን ግን ለደብረ ብርሃን «ቢሮ ገባሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። እናቱ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ካናዳ ቢሮ ገባ ብለው አውርተዋል። «ቢሮማ ቢሮ ነው፤ ወረቀት የሌለበት ቢሮ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን አንድ የሰማንያ ዓመት ፈረንጅ፣ ሚስተር ፔሪ የሚባል፣ ቁመቱን የሚያህል ጥቅል ወረቀት ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ወረቀቱን መሬት ላይ ሲዘረጋው የአንድ ቁራጭ ጨርቅ ልክ ነው፤ ላይና ታቹ የሾለ፣ ወገቡ የሰፋ፣ የብርቱካን ፍንካች የመሰለ፣ ርዝመቱ ክፍሉን የሚሞላ። እንዲህ ያለ ሠላሳ ሁለት ይቆረጥና ጎን ለጎን ይሰፋ አለ። የፋብሪካው ኃላፊ ሳቀበት። ሽማግሌው ሊሄድ ወረቀቱን ሲጠቀልል ጌታሁን እንግሊዝኛው ከሁላችንም ይሻል ነበርና «ምንድን ነው የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀው። «ፊኛ» አለ ሽማግሌው፤ «ሰው የሚያነሳ ፊኛ።» በሚቀጥለው ቅዳሜ አራታችንም ልንሰፋለት ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው የእንጨት መጋዘኑ ውስጥ ነበርን።

የሽማግሌው ቅድመ አያት ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ በየገጠሩ ትርኢት ፊኛ እያወጣ ይኖር የነበረ ሰው ነው። ሽማግሌው የእሱን ማስታወሻ ደብተር በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከደብተሩ ጋር አንዲት መዳፍ የምታህል ቢጫ ሐር አለች፤ ጋዙ እንዳያመልጥ በተልባ ዘይት የተቀባች፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም የምትሸት። መጀመሪያ ጊዜ ያሸተታት ጌታሁን ነው። «ጋሼ፣ ተልባ ነው እኮ! እነዚህ ሰዎች ተልባውን ለሰማይ ቀብተው ነው የጨረሱት» አለና ሳቀ። ሽማግሌውም የፊኛውን የእንጨት ቀለበትና የሚቀመጥበትን አግዳሚ እንጨት በዚሁ ዘይት ስለሚያሽ መጋዘኑ በጾም የተልባ ፍትፍት እንደ ተሠራበት ቤት ይሸት ነበር።

ምሳ ላይ፣ ዳቦአችንን ስንበላ፣ ሽማግሌው ከደብተሩ ያነብብልናል፤ ጌታሁን ይተረጉማል። በዚያ ዘመን ጋዙን የሚሞሉት ከከተማው የመብራት ጋዝ ቧንቧ ነው አሉ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ይፈጃል። ቧንቧ በሌለበት ደግሞ በርሜል ውስጥ የብረት ብናኝና አሲድ ቀላቅለው የሚወጣውን ጋዝ በጎማ እየሳቡ። ሰዉ ከአራት መንደር በጋሪ መጥቶ ሜዳውን ሞልቶ ይጠብቃል። ፊኛው ሳይነሳ የቀረ እንደሆነ ሕዝቡ አጥሩን ሰብሮ ገብቶ ጨርቁን ይዘነጣጥለዋል፤ ሰውየውንም ያገኙት እንደሆነ ይደበድቡታል። ስለዚህ ነፋስ እያየ፣ ሞት እያየ የወጣ ብዙ ነው። ሐይቅ ላይ ወርዶ የሰጠመ፣ ጫካ ላይ ወርዶ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያደረ፣ እርሻ ላይ ሲያርፍ ገበሬ ሰይጣን መጣ ብሎ በመንሽ የተቀበለው። በኋላ ጋዙ ሲወደድ ወደ ጭስ ዞሩ፤ እሳት አንድደው ትኩስ ጭሱን ጨርቁ ውስጥ ይሞላሉ፣ ፊኛው ይነሳል፣ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ይኸው ነው ጠቅላላ ጥበቡ። እኛ የምንሰፋውም የጭሱን ዓይነት ነበር።

ከደብተሩ ውስጥ የከነከነኝ ግን ስለ ገመድ ያዦቹ ያነበበልን ነው። ፊኛ እስኪነሳ ድረስ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ገመድ ይዞ ይጎትተዋል፤ የዚያው መንደር ሰው፣ ለአንድ ቀን የተቀጠረ። «ልቀቁ!» ሲባል ሁሉም በአንድ ጊዜ መልቀቅ አለበት። ያልለቀቀ አብሮ ይወጣል። ስንቱ አብሮ ወጥቶ ወድቋል! የበራሪው ስም ጋዜጣ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ የገመድ ያዡ ግን «አንድ ሰው» ተብሎ ይታለፋል። ቅድመ አያትየው ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፏል አለን፤ ፊኛ የለቀቀውን አይጎዳም፣ የያዘውን ነው የሚገድል። እግርህ ከመሬት ሲነሳ ከተሰማህ እጅህን ክፈት፤ ስለ በራሪው አታስብ፣ እሱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ይህንንም የተረጎመልን ጌታሁን ነው። ተርጉሞ ሲጨርስ «የእኛ አገር ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ማን ቀድሞ ይለቃል?» ብሎ አሳቀን።

በጋውን በሙሉ ሰፋን። ጌታሁን በሠላሳ ሁለቱ ፍንካች ስፌት መጨረሻ ላይ ከውስጥ በኩል በቀይ ክር ትንሽ መስቀል ሰፍቶበታል። ለማንም አላሳየም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ሽማግሌው ልጅ አልነበረውም። የሎሚ ጭማቂ በጆግ ያቀርብልናል፣ «ልጆቼ» ይለናል። ስንት ወራት «ሄይ ዩ» ሲባል ለከረመ ሰው ይህ ቃል ቀላል አይደለም። እንወደው ነበር ብል አልዋሸሁም።

ቀኑ የገበሬዎች የመከር ትርኢት ዕለት ነበር። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና የሚያስኬድ ሜዳ። እንስሳውን በጌጥ ያሰለፉ፣ ዱባ የሚያስመዝኑ፣ የነሐስ መለከት የሚነፉ ቀይ ኮት የለበሱ ልጃገረዶች። እኛ አራታችንም ነጭ ሸሚዝ ለብሰናል፤ ጌታሁን የእኔን ክራቫት ተውሶ። ሽማግሌው እንደ ቅድመ አያቱ ረጅም ጥቁር ቆብ አድርጓል። ጭሱ የሚያልፍበትን ቦይ ዋዜማውን ቆፍረን በቆርቆሮና በአፈር ሸፍነነዋል፤ በአንዱ ጫፍ እሳቱ፣ በሌላው ጫፍ ጭሱ የሚወጣበት በርሜል፣ ከበርሜሉ በላይ ፊኛው በሁለት ምሰሶ መካከል ተንጠልጥሎ። ጭሱ ሲገባ ጨርቁ መጀመሪያ አንዱን ጎኑን አነሳ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ቆመ። ሕዝቡ አንጋጠጠ። እኔም አልቅሼአለሁ፤ በእጄ የሰፋሁት ነገር እንደዚያ ሲቆም አይቼ አላውቅም።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። ሽማግሌው አግዳሚው እንጨት ላይ ይቀመጣል፤ አሥራ ሁለታችን፣ ስምንት ገበሬና እኛ አራታችን፣ ገመዱን ይዘን ሜዳው ዳር እስካለው የእህል መጋዘን ጣሪያ ድረስ ብቻ እናወጣዋለን፤ ሰዉ ያጨበጭባል፤ እናወርደዋለን። ወጣ። ጣሪያ ደረሰ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ከሐይቁ በኩል ነፋሱ መጣ። ፊኛው ወደ ጎን ተኛና ገመዱ መዳፌን ላጠው። ሽማግሌው ከላይ «ልቀቁ! ሁላችሁም ልቀቁ!» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ። ስምንቱ ገበሬዎች በአንድ ጊዜ ለቀቁ፤ ወዲያው፣ እንደ አንድ ሰው።

እኛ አልለቀቅንም። ከአራታችን ቀድሞ መልቀቅ የፈለገ የለም፤ ሬሳ ተሸክሞ ሲሄድ ቀድሞ ትከሻውን የሚያወጣ ሰው ማን ነው? ይህ ብቻ ቢሆን ደግሞ ምናልባት በሰከንድ ውስጥ እንለቅ ነበር። እኔ ግን የታየኝ «ልጆቼ» የሚለን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነፋስ ሲወስደው ነው። ደንቡን አውቃለሁ፤ ሰምቼዋለሁ፤ ደንቡ በዚያች ሰዓት የጨካኝ ደንብ መሰለኝ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «አትልቀቁ!» ብዬ ጮህኩ። «አትልቀቁ፣ ሰውየው ሄደ!»

እግሬ ከሣሩ ተነሳ። ከዚያ እጄ ተከፈተ። አስቤ የከፈትኩት አይደለም፤ ራሱ ነው የተከፈተው። ቁመቴን ያህል ወድቄ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሁለቱ ጓደኞቻችንም አጠገቤ ወደቁ። የሦስታችን ክብደት ሲጎድልለት ፊኛው ተፈናጥሮ ወጣ። ጌታሁን በሌላው ጎን ነበር፤ ስንወድቅ አላየንም። አንገቱን አዙሮ ሲያየኝ እኔ መሬት ላይ ነኝ፣ እሱ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ነው። ክራቫቴ ወደ ትከሻው ተገልብጧል።

«ጋሼ!» አለ። ድምፁ የፈራ ሰው ድምፅ አልነበረም። እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። «ጋሼ፣ ልልቀቅ?»

አልመለስኩለትም። ልቀቅ ብለው ከዚያ ከፍታ ይሞታል፤ አትልቀቅ ብለው እስከ የት? አጥሩን አለፈ፣ የበቆሎውን ማሳ አለፈ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ በሆዱ ተኝቶ እጁን ወደ ታች ሲዘረጋለት ይታየናል። አይደርስም። ጌታሁን ያዘ፤ ረጅም ጊዜ ያዘ፤ ያ ልጅ መያዝ ያውቃል። ከዛፎቹ በላይ ሲደርሱ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ ገመዱ ብቻውን ይወዛወዛል።

ፊኛውስ? ፊኛው ደብተሩ እንዳለው ጭሱ ሲቀዘቅዝለት ከሁለት ማሳ ማዶ ቀስ ብሎ አረፈ። ሽማግሌው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም።

የዚያ አገር ትንሽ ጋዜጣ ስለ ሽማግሌው ረጅም ነገር ጻፈ። ስለ ጌታሁን «አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ» ብሎ አለፈ። ቀብሩ ላይ ሽማግሌው ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ መጣና ወደ ጎን ወሰደኝ። «በቋንቋህ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ምን ነበር ያልከው?» አለኝ። «ልቀቁ ነው ያልኩት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «የአንተ ድምፅ አልደረሰውም፤ የእኔንም እንግሊዝኛ አልተረዳውም ማለት ነው፤ ደጋግሜ ላስረዳው ይገባ ነበር» አለ። ከሁላችን እንግሊዝኛ የሚያውቀውን ልጅ! በሚቀጥለው ክረምት ሽማግሌው ሞተ። ያንን በራሱ ላይ ይዞ ነው የሞተው፤ እኔ ነኝ ያሸከምኩት።

መርዶውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ታላቅ ነኛ። ሴንት ጄምስ ታውን ወጥ ቤታችን ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን ምን ብለን እንጻፍ ተባባልን። ጭስ የሞላው ጨርቅ ይዞት ወጣ ብለን ብንጽፍ ደብረ ብርሃን ማን ያምነናል? የምንቀልድ ነው የሚመስለው። ቢሮ ገባ የተባለ ልጅ ገበያ ላይ ገመድ ሲጎትት ሞተ ይባል? እናቱን መሳቂያ እናድርጋቸው? መኪና ግን ሁሉም ያውቃል። «ከሥራ ሲመለስ መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው፤ አልተሠቃየም» ብዬ ጻፍኩ፤ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ በማለዳ ሄደው እንዲያረዱ። ለእናቱ አዝኜ ነው ስል ኖርኩ። አዝኜም ነበር። ግን መኪና ከሆነ «አትልቀቁ ያለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህንንም ያኔውኑ አውቀው ነበር። ከሁለቱ ጓደኞቻችን አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ካልጋሪ ገብቶ ጠፍቷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ወርቅነሽን ሼርቦርን ሰብዌይ ጣቢያ ጠበቅኳት። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ግንባሯ የጌታሁን ነው፣ እንዳየኋት አወቅኳት። ጉንጬን ስማ ስትጨርስ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ቆዩልን። ጠረኑን የማገኘው ከእርስዎ ነው» አለችኝ። በእግር ሄድን። ፓርላመንትና ዌልስሊ የሚባሉት መንገዶች መገናኛ ላይ አቆምኳት። ለምን እዚያ? ምንም ስላልሆነበት ነው፤ ማንም አልሞተበትም፤ ሰኞ ዕለት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የመረጥኩት።

«እዚህ ነው» አልኳት።

መብራቱ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ። ሰዉ በጎናችን ያልፋል። ከቦርሳዋ የጸበል ጠርሙስ አወጣች፣ አስፋልቱ ዳር ረጨች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ በጉልበቷ ተንበረከከችና ያንን ማስቲካ የተለጣጠፈበት፣ ጨው የበላው የእግረኛ መንገድ በከንፈሯ ሳመችው። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። «ወንድሜ፣ ወንድም ዓለሜ» ትላለች። አንድ ወጣት አጎንብሶ «ኢዝ ሺ ኦኬ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኦኬ ናት አልኩት። እኔ ግን ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሰው ውሸቴን ሲስመው ማየት አልቻልኩም።

አንስቼ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ከተልባው ሽታ ጀምሬ፣ ስፌቱን፣ ሽማግሌውን፣ ነፋሱን። አትልቀቁ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። እጄ እንደተከፈተ። መንገዱን እያየች ሰማችኝ፤ አንዴም አላቋረጠችኝም። ሁለት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ።

«ከፍታው ምን ያህል ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ከዛፍ በላይ።»

«ሳይወድቅ ተናገረ?»

«ልልቀቅ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

አንተ ማለቷን ሰማሁ። «ዝም አልኩት» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። እንባ አልነበራትም። «መኪና አልነበረማ» አለች።

«አልነበረም።»

«እናቴ ከመርዶው ቀን ጀምሮ ሞተር ያለው ነገር ላይ እግሯን አንስታ አታውቅም። ልጄን የበላ ነገር ሆድ ውስጥ አልቀመጥም ትል ነበር። ለቅሶም፣ ሠርግም፣ ጠበልም በእግሯ ነው። ጫማዋ ስንት ጊዜ አለቀ። እኔ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ፤ ትንሽ መኪና ውስጥ ግን ላልገባ ከእሷ ጋር ማልኩ።» የጸበሉን ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። «መጨረሻ ላይ ሆዷ ቆስሎ ደም ስታስመልስ ታክሲ በር ላይ አቁመን እግሯ ላይ ወድቀን ለመንናት። አልገባም አለች። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ ድልድዩን ሳንሻገር አለፈች። ሐኪሙ ምን እንዳለን ታውቃለህ? ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ አለን። በመኪና አሥር ደቂቃ ነው መንገዱ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ አሳፈረኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ገደልኩ ብዬ ነበር የማስበው።

«ያንን ሜዳ አሳየኝ» አለች።

«ሩቅ ነው፤ ባቡርም አይሄድበትም። በመኪና ካልሆነ አይደረስም። አሁን ደግሞ ምን እንደተሠራበት እንጃ።»

«ሜሮን መኪና አላት። ደውልላት።»

ደወልኩ። ሜሮን በሃያ ደቂቃ ውስጥ መጥታ ማዕዘኑ ላይ መብራቷን እያብለጨለጨች ቆመች፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ «ማሚ? ዋት ሃፕንድ?» ትላለች። የኋላውን በር ከፈትኩላት። ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመች፤ አንድ እግሯን አነሳች፣ መለሰችው። ከኋላችን መኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ። በሁለት እጇ የበሩን ጠርዝ ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆየችና አማተበች፣ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ተቀመጠች። ጣቶቿ ከበሩ ጠርዝ አልላቀቅ አሏት። ልይዝላት እጄን ስዘረጋ ቀና ብላ አየችኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ራሷ አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

«እናቴ ይቅር በይኝ» አለች።

ስለ እኔ ምንም አላለችም። ከፊት ወንበር፣ ከሜሮን ጎን ገብቼ መንገዱን ማሳየት ጀመርኩ።